የክፍል ሁለት ዕዳ

  ገናን አገሬ ወረታ አሳልፌ፣ የእናቴን ዶሮ በልቼ፣ የፎገራን አየር ስቤ ተመልሻለሁ። ታዲያላችሁ፣ ከተመለስኩ ሳምንት ቢሞላኝም ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ያለኝ ዶሮውም ጠላውም አይደለም። የጃፓን ካርቱን ነው! አዎ፣ ካርቱን። “ይሄ ሰውዬ ቀለጠ” ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ። መጨረሻ ላይ የምነግራችሁ የቤታችሁ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 17 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድም አለኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር የማይሞላውን መንገድ ጨርሼ የደብረ ታቦሩ መገንጠያ ጋ ስወርድ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሻንጣዬን ተቀበለኝና ገና ሳይስመኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

“ወንድም ጋሼ፣ ክፍል ሁለትን አግኝቼዋለሁ። ሳላይ ነው የጠበቅኩህ።”

ለእሱ ዘመን ልጅ ከዚህ በላይ ፍቅር የለም። እኛ ልጆች ሳለን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠቅጥቀን ነበር ጃኪ ቻንን የምናየው። እነሱ ደግሞ ፊልሙን ከስልክ ወደ ስልክ ይላላካሉ። ባለፈው ክረምት ክፍል አንድን ሃያ አምስቱንም በእሱ ስልክ አብረን አይተነው ነበር። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ፣ ባትሪው ሲያልቅ መብራት እስኪመጣ። መጨረሻው ላይ ሁለታችንም አልቅሰናል። (ይህን መጻፌን ካወቀ ይገድለኛል።)

ፊልሙ “ጋንዳም፦ አይረን ብለደድ ኦርፋንስ” ይባላል። ብረት ደም ያላቸው ወላጅ አልባዎች እንደማለት ነው። ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ጃፓኖች ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳው ግዙፍ ሮቦት ያለበት የፊልም ዓይነት አላቸው፣ “ሜካ” ይሉታል። እስካቫተር የሚነዳ ሰው አይታችሁ የለ? ሰውየው እጁን ነካ ሲያደርግ የብረቱ ክንድ ተራራ ይንዳል። እሱን እግር አውጡለትና በሐሳባችሁ አቁሙት። እ.ኤ.አ. በ1972 ጎ ናጋይ የተባለ ሠዓሊ “ማዚንገር ዜድ” ብሎ ሰውን ሮቦት ውስጥ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1979 ዮሺዩኪ ቶሚኖ የተባለ ዲሬክተር የመጀመሪያውን ጋንዳም ሠራና ሮቦቱን የጦር መሣሪያ አደረገው። የሚነዱት ልጆች ይፈራሉ፣ ይሞታሉ። በጊዜው ተመልካች አጥቶ 52 ክፍል ሊሆን የታሰበው 43 ላይ ተቆረጠ። በድጋሚ ሲታይና የፕላስቲክ መገጣጠሚያው ገበያ ሲወጣ ግን አገር አበደበት። ይኸው ዛሬም ድረስ አዳዲስ ጋንዳም ይሠራል።

የእኛው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ጀምሮ በመጋቢት 2016 ክፍል አንዱ አለቀ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ክፍል ሁለቱ ቀጠለ። ዲሬክተሩ ታትሱዩኪ ናጋይ፣ ደራሲዋ ማሪ ኦካዳ ናቸው። እንግዲህ አሥር ዓመት ዘግይተን ነው የደረስንበት። ምን ይደረግ፣ ወረታ ነው! ደግሞ ከሩቅ ምሥራቅ መጥቶ ፎገራን የለመደ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። ሩዙስ ቢሆን በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ አይደል የተስፋፋው? ዛሬ እንጀራችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

ክፍል አንድ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ማርስ ላይ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ለአንድ የጥበቃ ድርጅት ይሠራሉ። ትልልቆቹ በጦርነት ጊዜ ልጆቹን እንደ ጋሻ ከፊት ያሰልፏቸዋል። ማሽን በአእምሯቸው እንዲነዱ አከርካሪያቸው ላይ ብረት ይተከልባቸዋል፣ ያውም ያለ ማደንዘዣ። ያልተሳካለት ሽባ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን ጦር ሲመጣ ትልልቆቹ ጥለዋቸው ይሸሻሉ። ልጆቹ አለቆቻቸውን ያባርሩና “ቴካዳን” የሚባል የራሳቸውን ድርጅት ያቋቁማሉ። የማይጠወልግ የብረት አበባ ማለት ነው። መሪያቸው ኦርጋ ነው። ባርባቶስ የሚባለውን ሮቦት የሚነዳው ደግሞ ሚካዙኪ የሚባል ትንሽዬ ልጅ ነው። ኩዴሊያ የምትባል የባለሥልጣን ልጅ አጅበው እስከ መሬት ይደርሳሉ። ያሸንፋሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። በመጨረሻው ውጊያ ሚካዙኪ ከሮቦቱ አቅም በላይ ጉልበት ይጠይቀውና ሮቦቱ ዋጋውን ይወስዳል። ቀኝ እጁ ይሰንፋል፣ ቀኝ ዓይኑም ማየት ያቆማል። እኔና ወንድሜ ያለቀስነው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ክፍል ሁለት። እስካሁን ያየነው የመጀመሪያዎቹን ሰባት ክፍሎች ነው። የምጽፈው የመጀመሪያ ስሜቴን ስለሆነ “መጨረሻውን ሳታይ” ብላችሁ እንዳትሰድቡኝ። ሊያዩት ያሰቡ ደግሞ ይጠንቀቁ፣ ምሥጢር አወጣለሁ።

መጀመሪያ የማልወደውን ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ሰው በዛ! አዲስ ስም፣ አዲስ መሪ፣ አዲስ ሴራ። ገና አንዱን ስትለምዱ ሌላው ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ከሽፍቶች ጋር የሚደረግ ውጊያ ነው፣ ትንሽ ይንቀራፈፋል። ከፍ ያሉት ሹማምንት ቢሮ ቁጭ ብለው እርስ በርስ ሲጠላለፉ ወንድሜ ወደፊት አሳልፎ ሊያየው ፈልጎ እጁን መትቼዋለሁ።

የምወደው ግን ይበልጣል። እነዚህ ሮቦቶች ጨረር እየረጩ የሚገዳደሉ አይደሉም። ቅባቸው ጨረር ስለማይበሳው የሚደባደቡት በዱላና በሰይፍ ነው። አንዱ ሌላውን ሲመታው ክብደቱ ይሰማችኋል። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ባርባቶስ በአዲስ መልክ ተሠርቶ ከሰማይ ሲወርድ ወንድሜ ፍራሹ ላይ ቆሞ ጮኸ። እናቴ “ምን ሆናችሁ?” ብላ ከጓዳ ሮጣ መጣች። እሷም እኮ ተመልካች ሆናለች! ክረምት ላይ ሚካዙኪ ሥራ ሲፈታ ከአንዲት አሮጊት ማሳ ላይ በቆሎ የሚሰበስብበትን ቦታ አይታ፣ በቆሎው ለነዳጅ መሥሪያ በርካሽ እንደሚገዛ ስንነግራት “እዚያም ነጋዴ አለ እንዴ?” ብላ ነበር። አሁን ስትገባ የምትጠይቀው “ያ ገበሬ የሚሆነው ልጅ እጁ ዳነለት?” ብላ ነው።

አልዳነለትም። እጁ እንደተንጠለጠለ ነው። እጁ የሚታዘዘው ሮቦቱ ላይ ሲሰካ ብቻ ነው። እሱ ግን ምንም ቅር ያለው አይመስልም፣ ያስፈራል።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ክፍል ሁለት ሲጀምር ቴካዳን ዝነኛ ሆኗል። ሕንፃ አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ልብስ አለው። በር ላይ ደግሞ አዳዲስ ልጆች ተሰልፈዋል። ከየጉራንጉሩ የመጡ ጩጬዎች ናቸው። ለምን መጡ? እነ ሚካዙኪ ስላሸነፉ! ይባስ ብሎ፣ ልጆች ተዋግተው ማሸነፍ እንደሚችሉ ዓለም ሁሉ ስላየ ሕፃናትን ለጦርነት የሚገዛው ሰው በዛ። ክፍል አንድ ላይ ያጨበጨብንለት ድል ክፍል ሁለት ላይ የሌላ ልጅ ወጥመድ ሆኖ ጠበቀን። ልጅና ጠመንጃ ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው አላስረዳም፣ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከአዲሶቹ መሐል ሃሽ የሚባል ኩርፍተኛ ልጅ አለ። ሰፈሩ ውስጥ እንደ ታላቅ ወንድም የሚያየው ልጅ ነበረው። ያ ልጅ ለሥራ ብሎ ወጥቶ፣ አከርካሪው ላይ የተተከለው ብረት ከሽፎበት፣ መራመድ አቅቶት ተመለሰ፤ በኋላም ሞተ። ሃሽ ይህን ሁሉ እያወቀ “ለእኔም ትከሉልኝ፣ እንደ ሚካዙኪ መሆን እፈልጋለሁ” ይላል። ትልልቆቹ አይሆንም ይሉታል። እሱ ግን የሚያየው የሚካዙኪን ዝና እንጂ የተንጠለጠለውን እጅ አይደለም።

እዚህ ጋ ወንድሜ ስልኩን አቆመው።

“እኔም እኮ ሃሽ ነኝ” አለኝ እየሳቀ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። “ከምሬ ነው ወንድም ጋሼ። ትምህርቱን ልተወው ነው። አብሬህ አዲስ አበባ እሄዳለሁ።”

ምን አልኩት መሰላችሁ? ምንም። አፌ ተሳሰረ። እሱ ግን የተዘጋጀበት ይመስል ይዘረዝረዋል። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከተፈተኑት ማለፊያውን ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፣ ከዚያ ወዲህም ቢሆን የሚወድቀው ከሚያልፈው እጅግ ይበዛል። “ታዲያ ለምን እደክማለሁ? አንተ ከ12ኛ ክፍል ወዲያ ምን ተማርክ? ይኸው ስምህ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ቢሮ አለህ፣ ሰው ያውቅሃል። አንተ የሆንከውን እኔ የማልሆነው ለምንድን ነው?”

ወገኖቼ፣ ቢሮ የለኝም! ኖሮኝም አያውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ሕንፃ በር ላይ ቆሜ ፎቶ ተነሥቼ ልኬ ነበር። እናቴ ክፈፍ አሠርታ ሰቅላዋለች። “ሥራ ቦታዬ ነው” ማለቴ ትዝ አይለኝም፤ “አይደለም” ግን አላልኩም። ያቺ ፎቶ ናት ወንድሜን ከትምህርት ቤት የምታስወጣው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የገና ዕለት ከሰዓት ደግሞ ባሰብኝ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ የአንድ የልጅነት ጓደኛዬ እናት መጡ። በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ጉልበቴን ያዝ አድርገው “ልጄን አግኝተኸዋል?” አሉኝ። እኔም በየዓመቱ እንደምለው “ደህና ነው እማማ፣ ሰው ነግሮኛል” አልኩ። ወንድሜ ሰማ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ “ና እንውጣ” አልኩትና ወደ ማሳው ሄድን። ሩዙ ተነሥቷል፣ ቆረኑ ብቻ ቀርቷል። በመሐሉ ጓያው ሰማያዊ አበባውን አብቦ ሜዳውን ሞልቶታል። የፎገራ ሰው ያውቀዋል፤ ሩዙ ትቶት በሄደው እርጥበት ላይ ነው ጓያ የሚበቅለው። ወንድሜ እሸት ቀጥፎ መብላት ጀመረ። “አታብዛው፣ ይሰብርሃል” አልኩት። ልጆች ሆነን ጓያ የሰበረው ሰው በሁለት ዱላ ሲሄድ አይተናል። በክፉ ዘመን ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ሲበሉ እግር ይይዛል፣ አይመለስም። ጥቂቱ ግን ምንም አይልም፣ ይጣፍጣልም። አባቶቻችን ሁለቱንም ይነግሩናል፤ መጣፈጡንም መስበሩንም። እኔ ለወንድሜ የነገርኩት መጣፈጡን ብቻ ነበር።

እናም ነገርኩት። ሁሉንም።

ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሁለት ዓመት የሩዝ መፈልፈያ ውስጥ ጆንያ ስሸከም የዋጥኩት አቧራ እስከ ዛሬ ብርድ ሲነካኝ ደረቴን እንደሚያስፏጨው ነገርኩት። አዲስ አበባ ስገባ አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት ተኝተን፣ ተራ ደርሶት ፍራሽ ላይ ያደረ ሰው እንደ ንጉሥ ይቆጠር እንደነበር ነገርኩት። አንድ ዓመት ሙሉ ስልክ ያልደወልኩት “ካርድ ጠፍቶ” ሳይሆን የምለው አጥቼ እንደሆነ ነገርኩት። የምጽፈው በስልኬ ነው። የሚከፈለኝ በጽሑፍ ነው፣ ካልጻፍኩ የለም። “አሁን ስንት ብር አለህ?” አለኝ። ከፍቼ አሳየሁት፤ የመመለሻ ትራንስፖርቴና 1,340 ብር። ሳቀ። “አንተም ችስታ ነህ ለካ!” አለ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን የማያስቀውን ነገርኩት።

ከወረታ የወጣነው አምስት ሆነን ነበር። ሁለቱ በዓመቱ ተመልሰው ሽንኩርትና ሩዝ ይነግዳሉ፣ ከእኔ የተሻለ ይኖራሉ። አንዱ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ነው። አምስተኛው፣ የእኚያ እናት ልጅ፣ በባሕር ወደ ሳውዲ ብሎ ወጣ። ይኸው አምስት ዓመት ድምፁ የለም። “ደህና ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም” አልኩት። “ከአምስታችን አንተ የምታየው እኔን ብቻ ነው። የሌሎቹን ፎቶ ማንም ክፈፍ አላሠራለትም።”

ወንድሜ እሸቱን ከእጁ ጣለው። እስከ ቤት ድረስ አልተናገረም።

ማታ ግን “ቀጥል” አለኝና ቀሪዎቹን አየን። ታካኪ የሚባል ልጅ አለ። የቴካዳን የመሬት ቅርንጫፍ ውስጥ ይሠራል። ፉካ የምትባል ታናሽ እህቱን ትምህርት ቤት አስገብቷታል፣ እንጀራዋ እሱ ነው። አስቶን የሚባል ጓደኛ አለው። በተንኮል የተጀመረ፣ ለማን እንደሚዋጉ እንኳ የማያውቁት ጦርነት ውስጥ ይገባሉ፤ ቀኑ ይረዝማል። አስቶን ታካኪን ሊያድን ብሎ ይሞታል። በሰባተኛው ክፍል መጨረሻ ታካኪ ዝናውንም ጓደኞቹንም ትቶ ወደ እህቱ ይመለሳል። ማንም ፈሪ አላለውም። እኔ በፊልም ውስጥ “በቃኝ” ብሎ የሄደ ልጅ ተከብሮ ሲሸኝ ሲያሳዩኝ ብዙም አላስታውስም። ለዚህ ብቻ ስል ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየዋለሁ።

ውድ አንባብያን፣ እንግዲህ የቤታችሁ ጉዳይ ያልኳችሁ ይህ ነው። አብዛኞቻችሁ ወጣቶች ናችሁ። ከትንሽ ከተማ ወጥታችሁ አዲስ አበባ የገባችሁ፣ ዓረብ አገር ደርሳችሁ የተመለሳችሁ፣ ወይም እዚያው ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ትኖራላችሁ። ከኋላችሁ የሚያያችሁ አንድ ልጅ የለም? አለ። የእናንተ ኑሮ ክፍል አንድ ነው፤ ክፍል ሁለቱን የሚኖረው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ምክር ልጣል።

አንደኛ፣ ለታላላቆች። ፎቶ ስትልኩ ዋጋውንም አብራችሁ ላኩ። “ከብዶኛል” ማለት ውርደት አይደለም። ጫማ ገዝታችሁ መላካችሁ ጥሩ ነው፤ ጫማውን ለመግዛት ስንት ቀን ምሳ እንደዘለላችሁ ግን እህታችሁ ትወቅ። ታላላቆች ዝም ካልን ታናናሾቻችን የሚከተሉት እኛን ሳይሆን ክፈፍ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ነው።

ሁለተኛ፣ ለታናናሾች። የተሳካለት ሰው ስታገኙ “እንዴት አገኘኸው?” ብቻ አትበሉት። “እጅህን አሳየኝ” በሉት። “አብረውህ የወጡት የት ናቸው?” ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሰምታችሁ አሁንም መውጣት ከፈለጋችሁ ውጡ፤ እኔም ወጥቼ የለ! ከወጣችሁ ግን ዓይናችሁን ገልጣችሁ ይሁን።

“ወንድምህስ?” ትሉኝ ይሆናል። “ትምህርቱን ቀጠለ፣ ዶክተር ሊሆን ነው” ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። አላውቅም። መገንጠያው ጋ ሲሸኘኝ “ይህን ዓመት ልጨርስና እናያለን” ብቻ ነው ያለው። ሳልሄድ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጌያለሁ። ያቺን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩ፤ እናቴ ብትቆጣም “እውነተኛውን እልክልሻለሁ” አልኳት። ከዚያ ወደ ጓደኛዬ እናት ቤት ሄድኩ። “እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ስለ ልጅዎ ምንም የሰማሁት የለም” አልኳቸው። ቆየት ብለው “አውቄው ነበር ልጄ” አሉኝ። “አንተን ላለማስከፋት ነው በየዓመቱ የምጠይቅህ።”

እንግዲህ ቀሪዎቹን አሥራ ስምንት ክፍሎች ለፋሲካ ወረታ ስወርድ እናያቸዋለን፤ ብቻውን ላያይ ቃል ገብቶልኛል። እስከዚያው ሰላም ሁኑልኝ። ቤት ደውሉ!